የእናቴ ስም ተዘበራርቆ የሜዲኬይድ ማመልከቻዋን አስቆመብን፣ እባካችሁ እርዱኝ

ወገኖቼ፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ ግሪን ካርድ ካገኘች 6 ዓመት አልፏታል። ሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና መድን፣ አመልክተንላት ነበር፤ ትናንት ግን «የኢሚግሬሽን ሁኔታዎን ማረጋገጥ አልቻልንም» የሚል ደብዳቤ መጣ። የሜዲኬይድ ቢሮው የሚያጣራው ሴቭ (SAVE) በሚባለው የፌደራል መንግሥቱ የኢሚግሬሽን ሁኔታ ማረጋገጫ ሲስተም ነው።

ካርዷን ከማመልከቻው ጎን አድርጌ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ካርዱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው የአባቷ ስም ነው። ማመልከቻው ላይ ደግሞ የአያቷ። የሞላሁት እኔ አይደለሁም፤ ቢሮ ውስጥ ነው የሞሉልን። ስደውል «ጠብቁ» ብቻ አሉኝ። የግፊት መድኃኒቷ የቀረው 9 ፍሬ ነው። ጠዋት ጠዋት ስትቆጥረው አያታለሁ።

ደንቡ ማስረጃ ለማቅረብ 90 ቀን እንደሚሰጥ፣ ሌላውን መስፈርት ያሟላ ሰውም እስከዚያ ሽፋኑ ሊሰጠው እንደሚገባ አንብቤያለሁ። ይህን ጠይቆ ያስፈጸመ አለ? ምን ብላችሁ ጻፋችሁ? ስሙን ለማሳረምስ እንደ አዲስ ማመልከት አለብን ወይስ የካርዱን ኮፒ ይዞ «እንደገና አጣሩልኝ» ማለት ይበቃል?

ሰኞ ጠዋት ቢሮው እሄዳለሁ። የምታውቁ ከዚያ በፊት ጻፉልኝ፣ በእናታችሁ።