ልጁን ከኦሮምኛው ክፍል እናውጣው ወይስ ይቆይ?

ጠያቂዋ (ከከሚሴ)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ባለቤቴ አማርኛ ተናጋሪ ነው፣ እኔ ኦሮምኛ። ልጃችን ሁለቱንም አቀላጥፎ ይናገራል። ሦስተኛ ክፍል ነው፤ በኦሮምኛ ይማራል፣ አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጠዋል። ችግሩ ጽሑፍ ላይ ነው። የአማርኛ ደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሯል። ባለቤቴ «ሁለት ፊደል አምታታው፤ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ሄዶ በአማርኛ ብቻ ይማር» ይላል። እኔ ልቤ አልቆረጠም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ነጋዴው (ከኮምቦልቻ)፦ ባልሽ ልክ ነው እህቴ። ልጅ አንዱን ሳይጨብጥ ሌላው ከተጫነበት ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። ነገ ደሴም ይሥራ አዲስ አበባ፣ ማመልከቻ የሚጽፈው በአማርኛ ነው። ጊዜው ሳያልፍ አዙሩት።

ወጣቱ (ከባቲ)፦ አቦ ተው! ለፊደል ብሎ ሕፃን ከእናቱ ይነጠላል እንዴ? የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ያለው በከንቱ አይደለም። በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ የለመደ ልጅ ሌላውን ቶሎ ይይዘዋል።

ነጋዴው፦ የዚህ ልጅ አፍ መፍቻ የትኛው ነው ታዲያ? የእናቱ ወይስ የአባቱ?

ወጣቱ፦ ሁለቱም! ጥቅሙም እሱ ነው።

ጡረተኛው መምህር (ከደሴ)፦ አትጣሉ ልጆች። አንቺ ልጄ፣ ልጁ ምን ብሎ እንደሚሳሳት ሳትነግሪን ነው ፍርድ የምንሰጠው። እስኪ ከደብተሩ ሁለት ሦስት ቃል ጻፊልን።

ጠያቂዋ፦ እሺ ጋሼ። «እናቴ»ን «እንናቴ» ይላል። «አባት»ን «አብባት»። «ፀሐይ»ን ደግሞ «ጠሀይ» ብሎ ነው የጻፈው።

ጡረተኛው መምህር፦ ይሄማ ጆሮው የሰላ ልጅ ነው! «እናቴ» በይ እስኪ፣ ጮክ ብለሽ። «ና»ው ይጠብቃል አይደል? ቁቤ ላይ፣ ማለት ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ድምፅ ሲጠብቅ ፊደሉ ይደገማል፤ አናባቢው ሲረዝምም እንዲሁ። የኛ ፊደል ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና» ብለን ጽፈን፣ በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለው፣ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል። ልጅሽ የአንዱን ሕግ ወደ ሌላው ወሰደ እንጂ አልደነቆረም። አስቀምጠሽ «አማርኛ ስንጽፍ አንድ ይበቃል፣ ስናነብ እናጠብቀዋለን» በይው። ስህተቱ ሕግ ያለው ከሆነ በሕግ ይታረማል። «ጠሀይ»ንም ኦሮምኛው «ፀ» ስለሌለው ነው ያመጣው፤ እኛም ወሎዎች ስናወራ እንላታለን። ይህችን ግን መልኳን ዓይቶ መያዝ ነው፤ ሌላ መላ የላትም።

አንዲት እናት (ከከሚሴ)፦ የኔዋን ያምታታት አማርኛ ሳይሆን እንግሊዝኛ ነው። ቁቤ ላይ ኤክስ የምትባለዋ ፊደል «ጠ» ናት፣ ሲ ደግሞ «ጨ»። የእንግሊዝኛውን «ቦክስ» «ቦጥ» ብላ አነበበችልን፣ ሳቃችን መጣ። መልካቸው አንድ ሆኖ ድምፃቸው ሲለያይ ነው ጣጣው። የአማርኛው ፊደል መልኩም ሌላ ስለሆነ አይምታታባትም።

አዛውንቱ (ከወሎ ቦረና)፦ አብሽሪ ልጄ። የወሎ ልጅ ጠዋት ቁርኣን ቤት ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ሄዶ ከግራ ወደ ቀኝ ይጽፋል። ሸኾቻችን መንዙማውን በአማርኛ ገጥመው በዐረብ ፊደል ይጽፉት ነበር። ማን ተምታታበት?

ነጋዴው፦ አባባ፣ ሸኾቹ ዓሊሞች ናቸው። እኛ የምናወራው ስለ ሦስተኛ ክፍል ልጅ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ነጋዴው ይህችን አልሳታትም። ለሕፃን ጊዜ ያስፈልጋል። ግን ከተማ ከመቀየር በፊት የኦሮምኛ ደብተሩ ይታይ። እዚያም ፊደል የሚዘል፣ ቃሉን በድምፅ መከፋፈል የሚያቅተው፣ ንባቡ የሚንገታገት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ዲስሌክሲያ የሚባል የንባብ ችግርም አለ፤ ከቋንቋ ብዛት የሚመጣ አይደለም፣ ኮምቦልቻ ቢሄድም አብሮት ይሄዳል። ኦሮምኛው ደህና ከሆነ ግን የጎደለው የአማርኛ ልምምድ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገበታውን በዜማ የሚወርደው ልጅ ሁሉ ፊደል ለየ ማለት አይደለም። ከመሃል «ዚ»ን አሳየኝ በይውና ጣቱን ተመልከቺ፤ ብዙው ከ«ዘ» ጀምሮ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት። 33 በ7፣ 231 ነው፤ በዜማ ተይዞ አያልቅም። በካርቶን ቆራርጠሽ ጻፊና በውዝው። ማታ ማታ አምስት ቃል ጥሪለት፣ ይጻፍ። ስታርሚ ሁሉንም አታቅልሚበት፤ በዚህ ሳምንት መደገሙን ብቻ፣ በሚቀጥለው «ፀ»ን ብቻ።

ጠያቂዋ፦ አሁን ሞከርኩት ጋሼ። «ሜ»ን አሳየኝ ስለው ከ«መ» ተነስቶ በከንፈሩ እየቆጠረ ደረሰባት! የኦሮምኛ ደብተሩ ግን ንጹሕ ነው፣ ዐሥርም ዘጠኝም ያመጣል።

ወጣቱ፦ አለቀ በቃ። ልጁ የትም አይሄድም።

ነጋዴው፦ ምኑ አለቀ? ፈተናው ላይ «እንናቴ» ሲል ይሰረዝበታል። ለአስተማሪው ማን ያስረዳለታል?

ጡረተኛው መምህር፦ እናቱ ናታ። ሁለቱንም ደብተር ይዘሽ ሂጂ፣ ጎን ለጎን አሳዪው። የአማርኛ አስተማሪው ቁቤ የማይችል ከሆነ፣ ከየት እንዳመጣው በምን ያውቃል?

ጠያቂዋ፦ ሰኞ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ግን አነበበውና «እስከ ክረምት አየዋለሁ» ነው ያለኝ። ካርቶኑን እየቆረጠ ያለው እሱ ነው።

ነጋዴው፦ ይቁረጥ። ክረምት ላይ ውጤቱን እዚሁ ለጥፊልን፣ ያኔ እንከራከራለን።