ጥቆማ፦ ለግቢያችሁ የተስተካከለ ሳር ወይስ የተፈጥሮ አትክልት?

እህቴ ደብረ ማርቆስ ቤት ሠርታ ገባች። አጥሩ ቆሟል፣ በሩ ተገጥሟል፣ ግቢው ግን ባዶ አፈር ነው። «ምን ልትከልበት? ማንንስ ልጥራ?» ብላ ደወለችልኝ። ባለፈው ክረምትም ሁለት ጓደኞቼ ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ሞክሬ ያየሁትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ከመጀመሪያው ወገኔን ልንገራችሁ። እኔ ለተፈጥሮ አትክልት ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ግራዋ፣ ጌሾ፣ ዳማ ከሴ፣ ጤና አዳምና ጠጅ ሳር አለ። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ይሞላዋል። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤቴ ግን የሳር ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። ግቢያቸው ከዳር እስከ ዳር አንድ ልክ የታጨደ ሳር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት ስንሆን በዚህ ነገር ተስማምተን አናውቅም። በቡና ግን ተለያይተን አናውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ ግቢሽ ጫካ ሆነ እኮ። እባብ ይገባብሻል» ይሉኛል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ግቢ ንብ እንኳ የምታርፍበት የለም» እላቸዋለሁ።

ይህን ጥቆማ ልጽፍ ነው ስላቸው «የሳሩን ነገር እኔ የነገርኩሽን ጻፊ፣ ከራስሽ እንዳትጨምሪ» አሉኝ። ቃሌን ጠብቄ ከእሳቸው ልጀምር።

መጀመሪያ የሳሩ ዓይነት። እንደ ባሕር ዳር ላለ ሞቃት ቦታ ጋሼ የሚመርጡት ሰርዶ ነው። ፀሐይ ይችላል፣ ሲረገጥ አይሞትም፣ በጋ ላይ ቢጫ ቢሆንም ዝናብ ሲነካው መልሶ ያቆጠቁጣል። ጥላ ግን አይወድም፣ ትልቅ ዛፍ ሥር ይሳሳል። እንደ ማርቆስ ላለ ደጋ ደግሞ ኪኩዩ የሚባለው ሳር ይሻላል ይላሉ። ኪኩዩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ስለሆነ ብርዱን ለምዶታል። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ለእግር የሚለሰልስ ነው። ችግሩ ሳሩ ባለበት አይቆምም። ከላይም ከመሬት በታችም እየተሳበ አበባ መደቡ ውስጥ ይገባል። መደብ ያላችሁ ሰዎች በሳሩና በመደቡ መሐል ድንጋይ ወይም ጡብ ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩ።

ሳር ሻጮች በሁለት መንገድ ያቀርባሉ። አንዱ ከነአፈሩ እንደ ምንጣፍ ተቆርጦ የሚነጠፈው ነው። በዕለቱ ግቢው አረንጓዴ ይሆናል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ሌላው ቡቃያውን በጅማት በጅማት መትከል ነው። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ ብትተክሉት ክረምቱ ራሱ ያሳድግላችኋል። ጋሼ ሁለተኛውን ነው ያደረጉት። እኔም በዚህ አልከራከራቸውም፣ ክረምት እያለ ለምንጣፉ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። የምንጣፉን ከገዛችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ቁራጭ ገልብጡና ሥሩን እዩ። አፈሩ ውስጥ የአረም ሥር ካለ አብሮ ይመጣል።

የአጨዳው ሕግ አንድ ነው። ከሳሩ ቁመት ከሲሶው በላይ በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። ለሦስት ሳምንት ረስታችሁት በአንድ ቀን መላጣ ካደረጋችሁት ሥሩ ይዳከማል፣ አረሙም ያኔ ይገባል። በማሽን የምታሳጭዱ ከሆነ የሠራተኛውን ስለት ጠይቁ። የደነዘ ስለት ሳሩን አይቆርጠውም፣ ይቀደዋል። ጫፉ ከሁለት ቀን በኋላ ቢጫ ሲሆን የምታዩት ለዚህ ነው። ለትንሽ ግቢ ደህና አድርጎ የተሳለ ማጭድና ጥሩ እጅ ያለው ሰው ማሽኑን ያስንቃል።

እዚህ ላይ የጋሼ ተራ አለቀ። አሁን የኔ ነው።

ውሃውን አስቡት። በደረቁ ወራት የተስተካከለ ሳር ለምለም ሆኖ እንዲቆይ አንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ግቢያችሁ 100 ካሬ ከሆነ በቀን ከ400 እስከ 500 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር ከ20 እስከ 25 ጀሪካን ማለት ነው። የኛ አገር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ያልቃል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለውን በምን ታጠጡታላችሁ? ጋሼ የጉድጓድ ውሃ አላቸው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ግን መጀመሪያ ይህን ሒሳብ ይሥራ። የኔ ግራዋና ጌሾ ሥር ከያዙ ወዲህ በጋውን በራሳቸው ነው የሚወጡት።

ሌላው ነገር የበዓሉ ነው። ይህን ስጽፍ ልቤ ይሞቃል። ጎጃም ውስጥ ዘመን ሲለወጥ ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሳር ይነቅላሉ። እንግጫውን ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል። ያው እንግጫ ግን ለሳር ሰው አረም ነው፣ የሚጠፋ ነገር ነው። የዛሬ አራት ዓመት አንድ ሳር አጫጅ በማሽን እንዲያስተካክልልኝ ቀጠርኩ። «ዳር ዳሩን ብቻ» ብዬው ወደ ሥራ ሄድኩ። ነሐሴ መጨረሻ ነበር። ስመለስ ሁሉም ታጭዷል። ሊፈነዳ የደረሰው አደይ ከነእንቡጡ መሬት ላይ ተኝቷል። አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ነው። ሳያፈራ ከታጨደ ለከርሞ የሚወድቅ ዘር የለም። በቀጣዩ መስከረም ግቢዬ ውስጥ አሥራ ሁለት ራስ ብቻ ቆጠርኩ። እስኪመለስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ስለዚህ ማንንም ስትቀጥሩ ቆማችሁ አሠሩ። የሚቀረውን በገመድ ወይም በእንጨት አጥራችሁ አሳዩ። በአፍ የተነገረ ይረሳል።

ከዚያ ወዲህ የኔ አጫጅ ሰፈራችን ያለች አንዲት ላም ያላት እናት ናት። ጥቅምት አልፎ አደዩ ዘሩን ሲያራግፍ ማጭዷን ይዛ ትመጣለች። ታጭዳለች፣ ሳሩን ተሸክማ ትሄዳለች። እኔ አልከፍልም፣ እሷም አትከፍልም። አልፎ አልፎ አንድ ሊትር ወተት ይመጣል። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አለና ማሽን ከመፈለጋችሁ በፊት ጠይቁ።

ችግኝ ከየት? እኔ ሦስት ቦታ ሞክሬያለሁ። የአገር በቀል ዛፍ ከፈለጋችሁ፣ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ብሳና፣ ቅድሚያ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ጠይቁ። ከክረምቱ መግቢያ በፊት ከሄዳችሁ ምርጫ አላችሁ፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጥሩ ጥሩው አልቋል። መንገድ ዳር የሚሸጡት ደግሞ ለአበባና ለአጥር ይሻላሉ። በብዛት ለዓይን የሚያምረውን ነው የሚያመጡት። ከአንዱ መንገድ ዳር ጥቁር እንጨት ነው ተብዬ የገዛሁት ሲያድግ ሌላ ዛፍ ሆኖ አገኘሁት። ቅጠሉን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ለሽታና ለመድኃኒት ቅጠል ግን ገበያም ሱቅም አያስፈልግም። ዳማ ከሴው፣ ጠጅ ሳሩ፣ አሪቲው ከጎረቤት ተቆርጦ ወይም ተነቅሎ ይመጣል። የኔ ጤና አዳም ከባለቤቴ እናት ግቢ፣ ከዳንግላ የመጣ ነው። ዛሬም ቡናችን ላይ የሚገባው እሱ ነው።

ችግኝ ስትገዙ ቁመቱን አትዩ። የፕላስቲኩን ሥር እዩ። ሥሩ ከታች ተጠቅልሎ ከወጣ ችግኙ እዚያ ላይ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው፣ አጠር ያለውን ምረጡ። ስትተክሉ ፕላስቲኩን አውልቁ። ይህን መናገር የማያስፈልግ ይመስላል፣ ግን ከነፕላስቲኩ ተተክሎ የሞተ ወይራ በዓይኔ አይቻለሁ። ትልቅ የሚሆን ዛፍ ከቤት ግድግዳ ራቅ ይበል። ሾላና ዋርካን ደግሞ ግቢ ውስጥ ባታስቡት ይሻላል፣ ሥራቸው ግንብ ያነሳል።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ። «ተፈጥሮ» ሲባል ያገኙትን ሁሉ መትከል አይደለም። ጣና ላይ ያለውን እምቦጭ የማያውቅ የለም። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨ ተክል ነው፣ በብዙ አገር የተዛመተውም ሐምራዊ አበባው ስላማረ ሰው ለጌጥ እያዞረው ነው። ሐይቃችን ላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ታየ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲያወጣው ኖሯል። ለአጥር የሚሸጠው የወፍ ቆሎም፣ ላንታና የሚሉት፣ እንዲሁ ነው። አበባው ያምራል፣ ፍሬውን ወፍ ይበትነዋል፣ ከግቢ ወጥቶ የግጦሽ መሬት ይይዛል፣ ከብት ከበላውም ይመርዘዋል። ለአጥር ቀጋ ወይም ጌሾ አለላችሁ።

የተፈጥሮ አትክልት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው በጀልባ ዘጌ ይሂድ። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው፣ ጌሾውም እዚያው አለ። ራቅ ካለባችሁ ደግሞ አቅራቢያችሁ ያለ የገጠር ደብር ግቢ ግቡ። ዙሪያው የእርሻ መሬት ሆኖ ደኑ የቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ነው። ወይራውና ዝግባው ስንት ትውልድ እንዳሳለፈ ቆማችሁ ስታስቡት ግቢያችሁን በሌላ ዓይን ታያላችሁ።

እኔ ዝግባ የተከልኩ ቀን ጋሼ ከአጥሩ ማዶ ሆነው «ይሄ መቼ አድጎ ልታዪው ነው?» አሉኝ።

«‹እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል› ያለችው አህያ ናት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ሳቁ። በማግሥቱ ለዝግባው የሚሆን የበሰለ ፍግ በጆንያ ላኩልኝ።

ስለ እባቡና ስለ ትንኙ የሚሉትን ግን ቀላል አድርጌ አላየውም። ልጆች ያላችሁ ሰዎች ከቤቱ ግድግዳ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሜትር አጭር አድርጋችሁ ያዙት፣ የድንጋይና የእንጨት ክምር አታስቀምጡ፣ መንገዱን ጠርጋችሁ አቆዩት። የወባ ትንኝ የምትራባው በቆመ ውሃ ነው። ባልዲው፣ የተጣለው ጎማ፣ ውሃ የያዘው ጉድጓድ ከረዥሙ ሳር በፊት ይታዩ።

ጋሼ ያሸነፉኝ በሌላ ነገር ነው። የእናቴ ተዝካር ሲወጣ ሰው በዛ። የኔ ግቢ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አልነበረውም። ጋሼ ሳልጠይቃቸው በራቸውን ከፈቱ። ድንኳኑ ሳራቸው ላይ ተተከለ፣ ሁለት ቀን ተረገጠ፣ ወጥ ፈሰሰበት። አንድ ቃል አልተናገሩም። እኛ ለሠርግም ለለቅሶም የምንሰበሰብ ሰዎች ነን። ሰው የሚቀመጥበት ክፍት ቦታ የሌለው ግቢ ይጎድለዋል። ከዚያ በኋላ በር አጠገብ አንድ 30 ካሬ የሚሆን ሰርዶ ተከልኩ። ቡቃያውን ከእሳቸው ግቢ ነው ያመጣሁት። ቀሪው እንዳለ ነው፣ አይነካም።

እህቴ ሆይ፣ ላንቺ የምለው ይህ ነው። ማርቆስ ከባሕር ዳር በጣም ከፍ ይላል፣ ብርዱ ሌላ ነው። በር አጠገብ ትንሽ ኪኩዩ አድርጊ። ከኋላ ኮሶና ወይራ፣ በአጥሩ ቀጋና ጌሾ፣ በኩሽናው በኩል ጤና አዳምና ጦስኝ ይሁን። ከመትከልሽ በፊት አፈርሽን አስመርምሪ። በጎጃም ደጋ ቀዩ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፣ ገበሬው ለዚሁ ብሎ ኖራ ይጨምርበታል። እርጥብ ፍግ ግን አትጨምሪ። ሦስት አራት ወር ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ አረምም ይዞ ይመጣል።

አሁን መስከረም ላይ ነን። የጋሼ የልጅ ልጆች የእንቁጣጣሽ ዕለት አደዩን ከኔ ግቢ ቀጥፈው ሄዱ። የኔ ልጆች ኳሱን እሳቸው ሳር ላይ ይጫወታሉ። የአደይ ዘር የምትፈልጉ ኅዳር ላይ አድርቄ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። የሰርዶ ቡቃያ የምትፈልጉ ደግሞ ሰኔ ላይ ጋሼ ዘንድ ኑ። ጆንያ ይዛችሁ ኑ ብለዋል።