ልጆችን ለዋና የት እንውሰድ? ደብረ ብርሃን ወይስ ሸዋ ሮቢት (ጥቆማ)

ትምህርት ሲዘጋም፣ በዓል ሲመጣም፣ ከደብረ ብርሃን እናቶች የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ልጆቹ ዋና ካልወሰድሽን ብለው አስጨንቀውኛል፤ የት ይሻላል?»

መልሴ እነሆ። ልጆቹ ከሰባት ዓመት በታች ከሆኑ ወደ ቆላ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ውረዱ። ከፍ ከፍ ያሉና በደንብ ዋና መማር የሚፈልጉ ከሆነ ግን እዚሁ ከተማችን ውስጥ ጣሪያ ያለውና ውኃው የሚሞቅ ገንዳ ፈልጉ፤ ትምህርቱ ድግግሞሽ ስለሚፈልግ ቅርብ መሆኑ ይጠቅማል። ውኃው የማይሞቅ ክፍት ገንዳ፣ ሆቴሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለልጅ አልመክርም።

ምክንያቱ ከፍታችን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር አካባቢ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል 9 ወይም 10 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል። ውኃ ደግሞ ከሰውነት ሙቀት የሚወስደው ከአየር 25 እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት ነው። ትንሽ ልጅ ደግሞ ከኛ ቶሎ ይበርደዋል። ለታዳጊ ዋናተኛ 27 ወይም 28 ዲግሪ ውኃ ይበቃዋል፤ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ግን 30 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ነው ደስ ብሎት የሚጫወተው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲያርፍበት ያደረ ገንዳ ቀን ፀሐይ ቢወጣበትም የሚሞቀው ላይ ላዩ ብቻ ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለን ያለ ምክንያት አይደለም!

ስትደውሉ «ውኃው ሙቅ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ዛሬ ስንት ዲግሪ ነው?» በሉ። ቁጥሩን ወዲያው የነገራችሁ ሰው ይለካዋል ማለት ነው። «ኧረ ሙቅ ነው፣ ኑ ብቻ» ካለ ሌላ ቦታ ደውሉ። ልጁ ውኃ ውስጥ እያለ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ጥርሱ መንገጫገጭ ከጀመረ፣ «ትንሽ ብቻ እማዬ» ቢልም ጨዋታው አልቋል፤ አውጥቶ፣ አድርቆ፣ በጋቢ መጠቅለል ነው። ጋቢ ከፎጣ ይሻላል፤ ፎጣ ያደርቃል እንጂ አያሞቅም።

ወደ ሸዋ ሮቢት ስንመጣ፣ መንገዱ ራሱ የሽርሽሩ ግማሽ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ 95 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጣርማ በር ላይ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ልጆች ይጮኻሉ፣ ገደሉ ዳር ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያዩ ይችላሉ፤ ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል እየወረዳችሁ ሹራብ አንድ በአንድ ይወልቃል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነውና መኪና የሚያስመልሰው ልጅ ካለ የፊት ወንበር አጠገብ አስቀምጡት፤ ከባድ ቁርስም አታብሉት። ክረምት ላይ ጉም ስለሚበዛ በሐምሌና ነሐሴ እኔ ይህን ጉዞ አላስበውም። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ካሉ ሾፌሮች ጠይቁ፤ ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የሸዋ ሮቢት ችግር ወባ ነው፤ ሰው ይህን ሲያቃልለው አያለሁ። ደጋ ያደገ ልጅ የወባ መከላከያ አቅም የለውም። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ፣ ጠዋት ወርዶ በጊዜ መመለስ አደጋውን በጣም ይቀንሰዋል። ማደር ካለባችሁ አጎበር ያለው ክፍል መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ልጆቹን አመሻሽ ላይ እጅጌ ረጅም አልብሷቸው። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ተጠንቀቁ። ከተመለሳችሁ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ልጁን ትኩሳት ከያዘው ሐኪሙን መጀመሪያ የምትነግሩት «ቆላ ወርደን ነበር» ብላችሁ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ካልተናገራችሁ ጉንፋን ነው ተብሎ ቀን ሊባክን ይችላል።

«ገንዳ ከመክፈል ወንዝ አለ አይደል?» የሚል አባት አይጠፋም። ቆላ ላይ ቀስ ብሎ የሚፈስ ውኃ ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ትል ሊኖር ይችላል፤ በውኃ ቀንድ አውጣ በኩል አልፎ የልጁን ቆዳ በስቶ ይገባል። ክሎሪን የተጨመረበት ገንዳ ይህ ችግር የለበትም። ድንገተኛ ደራሽ ውኃስ? ላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ታች ፀሐይ ሆኖ ወንዙ ይሞላል። ገንዳውን ክፈሉ።

ሶደሬስ ላላችሁኝ፦ ፍል ውኃ ስለሆነ ብርድ የሚባል ጣጣ የለውም፤ ግን አዳማን አልፎ ነው፤ ከኛ በኩል ሲታሰብ ከ250 ኪሎ ሜትር አያንስም። የአንድ ቀን ጉዞ አይደለም። አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ያደረ ሰው ቢሞክረው ይገባኛል። እዚያ ከሄዳችሁ ምግባችሁን ከጦጣ ጠብቁ፣ አዋሽ ወንዝ ዳርም ልጅ አይጠጋ፤ አዞ አለበት።

የትም ብትሄዱ ከመክፈላችሁ በፊት ገንዳውን ዞር ብላችሁ እዩ። ጥልቁ ጋ ቁሙና ታችኛው ወለል ቁልጭ ብሎ ይታይ እንደሆነ ተመልከቱ። ውኃው ደፍርሶ ወለሉ ካልታየ የሰመጠ ልጅም አይታይም፤ ይህን ብቻ አይቼ ቤተሰቤን ይዤ የተመለስኩበት ቦታ አለ፣ አስተናጋጁ ተቀየመኝ፣ ይቀየም። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የክሎሪን ሽታ ደግሞ የንጽሕና ምልክት ይመስለናል፤ ሽታው የሚመጣው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲቀላቀል ነው። በደንብ የተያዘ ገንዳ ብዙም አይሸትም። ለዚህ ነው ከመግባት በፊት ሻወር ግድ የሚሆነው፤ ልጆቹንም ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት ውሰዷቸው። ተቅማጥ ይዞት የነበረ ልጅ ከተሻለውም በኋላ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ጥሩ ነው፤ አንዳንዱን ተሕዋስ ክሎሪን ቶሎ አይገድለውም። ለልጆች ብቻ የተለየ ትንሽ ገንዳ አለ? ጥልቀቱ በቁጥር ተጽፏል? ወለሉ ላይ ያለው የውኃ መውጫ ክዳን አለው? ክዳን የሌለው መውጫ ፀጉር ስቦ ይይዛል።

ዋጋ አልጽፍም፤ በየበዓሉ ይለዋወጣል። ግን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የማይዋኝ ወላጅም ይከፍላል ወይ? ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል ወይ? የምግቡ ነገር በጾም ቀን በተለይ ያስጨንቃል።

ዕቃን በተመለከተ፣ ገበያ ላይ የሚሸጠው በክንድ ላይ የሚደረግ ፊኛ መጫወቻ ነው እንጂ ነፍስ አያድንም፤ ይተነፍሳል፣ ይወልቃል። የመኪና ከመነዳሪ ከሱም የባሰ ነው፤ ልጁን ገልብጦ እግሩን ወደ ላይ ያደርገዋል። ገንዘብ ካላችሁ በልጁ ክብደት ልክ የሆነና በእግሮቹ መካከል የሚታሰር ላይፍ ጃኬት ግዙ። ከሌላችሁ ምንም አትግዙ፤ ልጁ ደረቱ ጋ በማይደርስ ውኃ ውስጥ ይጫወት፣ እናንተም እጃችሁ በሚደርስበት ርቀት ላይ ሁኑ። የዋና ልብስ ስትመርጡ ሰማያዊና ነጭ ይቅርባችሁ፣ ውኃው ውስጥ ይጠፋል። ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሩቅ ይታያል። ጂንስ አስለብሶ ማስገባት ግን ድንጋይ እንደማሸከም ነው።

ትልቁ ጉዳይ ጠባቂው ነው። ሦስት አራት ቤተሰብ ተጠራርቶ ሲሄድ ሁሉም አዋቂ ገንዳው ዳር ተቀምጧልና ሁሉም «አንዱ ያያቸዋል» ይላል። የሚሰምጥ ልጅ አይጮኽም፣ እጁንም አያወዛውዝም፤ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው፤ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ። ስለዚህ በተራ አንድ ሰው ይመደብ፤ ተራው የሆነ ሰው ስልክ አይነካም፣ ቢራ አይጠጣም፣ ቁርጡም ይቆየው። ነፍስ አድን ሠራተኛ ቢኖርም ይህ አይቀርም። እግዜር አያድርገውና ልጅ ከሰመጠ፣ ውኃው ይውጣለት ብሎ በእግሩ መዘቅዘቅ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ካልተነፈሰ ወዲያው በአፉ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ነው የሚያስፈልገው። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ይህን የሚያውቅ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ከሸዋ ሮቢት የምትመለሱ ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ልጆቹን ከውኃ አውጡ። ፀጉራቸውን በደንብ አድርቁ፣ የውስጥ ልብስ ሳይቀር ቀይሩላቸው፣ ሹራቡንም ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ አጠገባችሁ ያዙት። ታች ሲነሱ ላብ እያላባቸው ነው፤ ጣርማ በር ሲደርሱ ግን «ብርድ!» ማለታቸው አይቀርም፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሻንጣው ከኋላ ተጭኗል።