ቪትዝ ልገዛ ነው፣ ዋጋው ላይ ግን ከነጋዴው ጋር አልተስማማንም

እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የ2003 ሞዴል ቪትዝ አይቻለሁ። ሻጩ መኪና ነጋዴ ነው፣ 1 ሚሊዮን 850 ሺህ ብር ጠራ። እኔ አጠራቅሜ ያለኝ 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ነው። የስም ማዛወሪያና የደላላ 2 በመቶ ገና አልተነካም።

ጠዋት ስሄድ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀኝ። ክዳኑን ስነካው ይሞቃል። ታዲያ ቀዝቅዞ ሲነሳ ማጨስ አለማጨሱን በምን ልወቅ? የኋላ በሩን ዳር ጎማ ገለጥ ሳደርግ ደግሞ ከስሩ ያለው ቀለም ሌላ ነው። «ትንሽ ጭረት ነበር» አለኝ። የራሴን መካኒክ ላምጣ ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። «መጀመሪያ ቀብድ አስይዝ፣ ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል» አለ። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ ዋጋ አይወርድም ይላል። እሱስ ይሁን፣ ግን የተነካ ቀለም ዋጋ አይቀንስም?

ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው። ውክልና አለኝ ይላል። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው፣ ብሩ የሦስት ዓመት እቁቤ ነው።

ቀለሙን አንስቼ ስንት ላስቀንስ? መካኒክ ሳያየው ቀብድ ልስጥ ወይስ ልተወው? ውክልናው ትክክለኛ መሆኑን፣ መኪናው ላይም ዕዳና እገዳ አለመኖሩን የት ሄጄ ላረጋግጥ?