ጥቆማ፦ ደም ያልበዛበት፣ ከእራት በኋላ የሚታይ የመርማሪ ተከታታይ

ማታ_ማታ፦ ከእናቴ ጋር የሚታይ ቀለል ያለ መርማሪ ጠቁሙኝ። በአንድ ክፍል ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ፣ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ። ኮሎምቦ፣ ሞንክ ወይስ ዴዝ ኢን ፓራዳይዝ? የሌላ አገርም ካለ ጨምሩ።

ካፖርቱ፦ ኮሎምቦ። ሌላው ትርፍ ነው። ገዳዩ መጀመሪያውኑ ይታያል፤ ጥያቄው እንዴት ይያዛል ነው። ስለዚህ እናት መሃል ላይ ስልክ ቢያነሱም ታሪኩ አይጠፋባቸውም። ስቲቨን ስፒልበርግ ገና በወጣትነቱ ካዘጋጀው የ1971 ክፍል ጀምሩ። የ1968ቱን የሙከራ ፊልም አታስቀድሙ፤ እዚያ ኮሎምቦን የሚጫወተው ፒተር ፎክ ጸጉሩ የተበጠረ፣ ጠባዩም ቆጣ ያለ ነው፤ ኮሎምቦ ገና ኮሎምቦ አልሆነም።

ሰባተኛ_ፎቅ፦ ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ለሚል ሰው ከ70 እስከ 100 ደቂቃ የሚሄድ ትሰጣለህ? ሞንክ 42 ደቂቃ ገደማ ነው፤ 8 ሲዝን፣ 125 ክፍል። ሰውዬው ጀርም ስለሚፈራ ሰው በጨበጠ ቁጥር ረዳቱ እርጥብ ሶፍት ታቀብለዋለች፤ ያለ ትርጉምም ያስቃል። የሚስቱ ግድያ ግን እስከ ማብቂያው ስለሚጎተት የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች አታስቀድሙ።

ፍላሽ_የበላኝ፦ ሞንክን አስጭኜ ሰብታይትሉ ከአፋቸው ቀድሞ ይሮጣል! ባለሱቁ «ቲቪህ ነው» ብሎ መለሰኝ። ሙሉ ሲዝን!

ካፖርቱ፦ ኮሎምቦን ብታስጭን ይሄ አይደርስብህም ነበር።

ሰባተኛ_ፎቅ፦ አዎ፣ መቶ አለቃ ኮሎምቦ ካፖርቱን አውልቆ ሰብታይትሉን ያስተካክልልሃል።

ነጭ_ገመድ፦ ቲቪው አይደለም። ሲጀምር ልክ ሆኖ እየቆየ የሚቀድም ከሆነ፣ ሰብታይትሉ የተሠራው በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ለሚሄደው የአውሮፓ ዲቪዲ ነው፤ ቪዲዮህ ደግሞ 23.976 ነው። በ42 ደቂቃ ውስጥ ልዩነቱ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ያልፋል። ሰብታይትል ኤዲት የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈት፣ ፍሬም ሬት መቀየሪያው ውስጥ ከ25 ወደ 23.976 አድርገህ ሴቭ በል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል የሚቀድም ከሆነ ግን ዊንዶውስ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ የኤችን ቁልፍ መጫን ይበቃል፤ በአንድ ጭነት 50 ሚሊሰከንድ ያዘገያል፣ ጂ ያስቀድማል። የሰብታይትሉ ፋይል ስም ከቪዲዮው ጋር አንድ ይሁን።

ቀበሌ_12፦ የኔ ቲቪ ትልቁን ፋይል ጭራሽ ፍላሹ ላይ አላስገባ አለኝ።

ነጭ_ገመድ፦ ያ ቲቪው ሳይሆን የፍላሹ ፎርማት ነው። ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ፎርማት አድርግ፣ ቲቪህ ኤክስፋት ማንበቡን ግን ቀድመህ አረጋግጥ። ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ሻይ_በዝንጅብል፦ ጠያቂዋን ረሳችኋት እኮ። እህቴ፣ የቦትስዋናዋን ሴት መርማሪ፣ «ዘ ነምበር ዋን ሌዲስ ዲቴክቲቭ ኤጀንሲ»ን ተመልከቺ፤ ቦትስዋና ውስጥ የተቀረጸ ነው። ችግሩ 7 ክፍል ብቻ መሆኑ፣ የመጀመሪያውም ከሌሎቹ መርዘሙ ነው። የጣሊያኑ ዶን ማቴዎ ደግሞ በብስክሌት የሚዞር ቄስ ነው፤ በትሪኒቲ ፊልሞች የሚታወቀው ተዋናይ ቴረንስ ሂል እስከ 2022 ሠርቶበታል። ለእናት ከሆነ ቄሱን አስቀድሚ። ዴዝ ኢን ፓራዳይዝ ካሪቢያን ውስጥ ባለችው ጉዋዴሎፕ ደሴት ላይ ይቀረጻል፤ ባሕሩ ብቻውን ዓይን ያሳርፋል። ዋናው መርማሪ በየጥቂት ሲዝኑ ስለሚቀየር ከ1ኛው ሲዝን ጀምሪ። አንዱ ሲሄድ የቀረው ቡድን ስለሱ ያወራል፣ መሃል የገባ ሰው ግራ ይገባዋል።

ካፖርቱ፦ ኮሎምቦ አይቀየርም።

ቀበሌ_12፦ በአማርኛ ድምፅ የገባበት የቱርክ ተከታታይ አይሻልም?

ሰባተኛ_ፎቅ፦ 100 ክፍል ቆይቶ ገዳዩ የወንድሙ ወንድም ሆኖ የሚገኝበት? በአንድ ክፍል ያልቅ ተብሏል እኮ።

ማታ_ማታ፦ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ግን ሰብታይትሉ 25 ይሁን 23.976 በምን ይታወቃል?

ነጭ_ገመድ፦ የቪዲዮውን በቪኤልሲ ኮንትሮልና ጄ ስትጫኚ ፍሬም ሬት የሚለው ላይ ታያለሽ። ኤስአርቲ የሚባለው የሰብታይትል ፋይል ግን ሰዓት እንጂ ፍሬም አይጽፍም። በኖትፓድ ከፍተሽ የመጨረሻው ንግግር ስንት ደቂቃ ላይ እንደተጻፈ እዪ፣ ቪዲዮው ላይ ያው ንግግር ከሚሰማበት ደቂቃ ጋር አስተያዪ። የሰብታይትሉ ወደ 4 በመቶ ካጠረ የ25ቱ ነው።