የአጥንት ቀዶ ሕክምናን ለመረጠች እኅቴ ምን እንምከራት?

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ታናሽ እኅቴ ከወልድያ ወዲያ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት እያገለገለች ነው። አሁን ለስፔሻሊቲ ትምህርት ስትዘጋጅ የመረጠችው የአጥንት ቀዶ ሕክምናን ሲሆን፣ አባታችን ግን አጥንት ማቅናት የወንድ ክንድ የሚጠይቅ ሥራ ነው ብለው ይሠጋሉ። አያታችን በአካባቢያችን የታወቁ ወጌሻ ስለነበሩ ሥራውን ንቀው አይደለም፤ የሚያስጨንቃቸው የልጃቸው ኑሮ ነው። ትምህርቱ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ወሎ ውስጥ የሚሠራ የአጥንት ሐኪምም ዕለት ዕለት ምን እንደሚገጥመው በሙያው ያላችሁ ብታስረዱን ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ጦሳ ሥር፦
የተከበሩ ጠያቂ፣ እኔ በዚሁ ሙያ ደሴ ውስጥ እሠራለሁ። የአባትዎን ሥጋት ላስቀድም። ታካሚው ማደንዘዣ ሲወስድ ጡንቻው ስለሚላላ፣ የተሰበረውን ጭን ለመሳብም የተዘጋጀ ጠረጴዛ ስላለ፣ ከጉልበት ይልቅ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና በሥጋ ውስጥ የተሸፈነው አጥንት ወዴት እንደዞረ አስቦ ማወቅ ነው። ለወንዱም ለሴቷም የሚከብደው ረጅም ሰዓት መቆሙና ተረኝነቱ ነው።

ብሔራዊውን የመግቢያ ፈተና ካለፈች በኋላ ትምህርቱ አራት ዓመት ያህል ይፈጃል። ቀዳሚው ማሠልጠኛ ጥቁር አንበሳ ሲሆን፣ ጎንደርና ባሕር ዳርም ያሠለጥናሉ።

ወሎ ውስጥ የዕለት ሥራችንን የሚወስነው መንገዱና ገደሉ ነው። በሀረጎ ቁልቁለት ከተገለበጠ መኪና የወጣው፣ ኮምቦልቻ ላይ ባጃጅ የገጨው፣ ከዛፍ የወደቀው እረኛ ሁሉም ወደ አንድ ድንገተኛ ክፍል ይመጣሉ። አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣ ስብራት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አንቲባዮቲክ ካላገኘና ቁስሉ በሚገባ ካልታጠበ አጥንቱ ያመረቅዛል፤ ያን ለማዳን ደግሞ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ከመካነ ሰላም ወይም ከወገልጤና የሚመጣ ቁስለኛ እነዚያን ሰዓታት በመንገድ ላይ ስለሚያሳልፋቸው፣ እኅትዎ ዛሬ ባለችበት ሆስፒታል የምትሰጠው የመጀመሪያ እርዳታ ከእኛ ኦፕራሲዮን እንደማያንስ ትወቅ።

የመሣሪያ እጥረት አለ፤ መፍትሔም አለ። የጭን ስብራት በአጥንቱ ቦይ ውስጥ በሚገባ ብረት ሲጠገን፣ ብሎኖቹን በቦታቸው ለማሰር በተለምዶ እዚያው ራጅ የሚያሳይ ሲ-አርም የሚባል መሣሪያ ያስፈልጋል። ሉዊስ ዚርክል የተባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 የመሠረቱት ሳይን የተባለ ድርጅት ግን፣ ከውጭ በሚገጠም መምሪያ ብሎኑን ያለ ራጅ ለማስገባት የሚያስችል ብረት አዘጋጅቶ በአገራችንም አገልግሎት ላይ ውሏል። ቀድሞ እግሩ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ ለብዙ ሳምንታት ይተኛ የነበረ ገበሬ አሁን በቀናት ውስጥ በምርኩዝ ሲነሣ አያለሁ። በሙያው ያቆየኝም ይኸው ነው።

አዝዋ፦
እኔ በአካል ተሐድሶ ሙያ ላይ ነኝ፤ እንድጽፍ ያነሣሣኝም የአያታችሁ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1834 የተወለዱት ሐኪም ሂው ኦወን ቶማስ ከወጌሻ ቤተሰብ የወጡ ነበሩ። አባታቸው በሊቨርፑል ከተማ ያለ ሕክምና ዲግሪ ስብራት ያቀኑ ነበር፤ ልጆቻቸውን ግን ሕክምና አስተማሩ። ሂው የሠሩት የእግር መደገፊያ፣ ደቀ መዝሙራቸው ሮበርት ጆንስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሥራ ላይ እንዲውል ስላደረጉት፣ ጭናቸው የተሰበረ የብዙ ወታደሮችን ሕይወት አትርፏል።

የእኛም ሰው ሲሰበር በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ይታመናል፣ ቀላሉ ስብራትም ብዙ ጊዜ ይድናል። አደጋው ሸምበቆው ጠብቆ ሲታሠር ነው። እብጠቱ እየጨመረ ማሠሪያው ካልላላ ደም ወደ ጡንቻው መድረስ ያቅተዋል፤ ጡንቻውም ስድስት ሰዓት ገደማ ሲያልፈው መሞት ይጀምራል። መቆረጥ የማይገባው የልጅ ክንድ የሚቆረጠው እንዲህ ነው፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደማል። ወጌሻውን ማውገዝ ደግሞ ታካሚውን ከሆስፒታል ያርቀዋል እንጂ አያቀርበውም። እኅትዎ የወጌሻ የልጅ ልጅ ስለሆነች፣ መንደር ገብታ «ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፣ ሕመሙም ከታሠረ በኋላ ከባሰ ወዲያው ፍቱት፤ አጥንቱ ቆዳ ከቀደደ ሳትነኩ ላኩልን» ብትል የሚሰማት ታገኛለች። ይህን ከእርሷ የተሻለ የሚያደርገው ሰው አይታየኝም።

የኬሚሴ እናት፦
ወንድሜ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ልጄ ግን እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር የተወለደው። በየሳምንቱ ጄሶ እየቀየሩ አቀኑለት፤ በመጨረሻም የተረከዙን ጅማት በትንሹ ቆርጠው ለሌሊት የሚያደርገው ጫማ ሰጡት። ጫማውን እስከ አራት ዓመቱ ድረስ እንዳላስተው አጥብቀው ስላስጠነቀቁኝ አላስተውኩም። ዛሬ ከእኩዮቹ ጋር ይሮጣል። የአጥንት ሐኪም ሥራ ቢላዋ ብቻ እንዳልሆነ ለአባታችን ይንገሩልኝ።

የሐይቅ ልጅ፦
አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። ለአባባ ሁሉንም አንብቤላቸዋለሁ። የወጌሻውን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። አንድ ጥያቄ ግን ጨመሩ፦ ነገ ትዳር ይዛ ብታረግዝ የራጁ ጨረር አይጎዳትም ወይ?

ጦሳ ሥር፦
ተገቢ ጥያቄ ነው። ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ሽርጥ ይለበሳል፣ የጨረሩን መጠን የሚመዘግብ መሣሪያም አለ። እርግዝናዋን እንዳወቀች ለኃላፊዋ ካሳወቀች፣ ሲ-አርም በሚበራበት ጊዜ ከክፍሉ ልትወጣ ወይም ጨረር በማይጠይቁ ኦፕራሲዮኖች ላይ ልትመደብ ትችላለች። ፈተናውን ከመቀመጧ በፊት የዓመት ፈቃዷን ከፊሉን ወስዳ ከእኛ ጋር ተረኛ ሆና ብትውልና ብታድር ግን ከማንኛችንም ምክር ይልቅ ይጠቅማታል። በግል መልእክት ይጻፉልኝ።