ሁሉንም አልፌ የምፈልገውን ሥራ አጣሁ፣ አርሚ የገባችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገን፣ በዲቪ መጥቼ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ዩኤስ አርሚ ልገባ አስቤ አስቫብ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ተፈተንኩ፣ 64 አመጣሁ፣ ማለፊያው 31 ነው። የምፈልገው 68ደብልዩ ነው፣ ሜዲክ የሚሉት (የወታደር ሕክምና ረዳት)፣ እሱ ከዚሁ ፈተና ከሚወጡት ንዑስ ነጥቦች ጂቲ 107 እና ኤስቲ 101 ይጠይቃል፣ እኔ 109 እና 104 አለኝ ስለዚህ በነጥብ አላነስኩም። ሜፕስ (ተመልማዮች የሚመረመሩበትና የሚፈርሙበት ጣቢያ) ሄጄም የጤና ምርመራውን አለፍኩ (እንደ ዳክዬ ቁጢጥ ብላችሁ ሂዱ ሲሉን ሳቄ ሊያስባርረኝ ነበር)። መጨረሻ ላይ ኮንትራት የሚያስፈርመው ሰውዬ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሹፌርና ኩክ ብቻ አሳየኝ፣ ሜዲክ ዛሬ የለም አለኝ፣ ሳልፈርም ተመለስኩ። የገረመኝ ግን ከኔ ያነሰ ነጥብ ያለው የሰፈሬ ልጅ ከሁለት ሳምንት በፊት እሱኑ ሥራ ፈርሞ ነው የወጣው። ሪክሩተሬን (የመለመለኝን ወታደር) ስጠይቀው ጠብቅ ከማለት ውጪ መልስ የለውም። ክሊራንስ (ሚስጥር የማየት ፈቃድ) የሚፈልጉት ሥራዎች ለዜጋ ብቻ እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ይሄኛው ግን በግሪን ካርድ ይቻላል ተብያለሁ። እና ሁላችንም መስፈርቱን ካሟላን ማን እንደሚያገኘው የሚወስነው ምንድነው፣ ነጥብ ነው፣ ትሬኒንግ የምትሄድበት ቀን ነው፣ ወይስ በዛ ቀን ክፍት ቦታ መገኘቱ ብቻ?